ኦብሳ

ልጄን ኦብሳ አልኩት። ትዕግሥት ነው ፍቺው በቋንቋችን፣
ጡት አንድ ደቂቃ ከዘገየ፣ ይታመሳል ግቢያችን።
አዴ ዘይነባ ከጓዳ ወጥተው፣ ነጠላ ጫማ እየጎተቱ፣
«ስሙስ ስም ነበር» ይላሉ፣ «ምነው ዘገየ ትዕግሥቱ!»

ቆጪ ነው ቤቴ፤ አንድ ክፍል። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው፣
የማነበውን አልሰማውም፤ ከንፈሬ ብቻ ነው የሚያላምጠው።
ጅማ ላይ ሐምሌ አይበቃውም፤ ክረምት ዓመቱን ይቀመጣል፣
የሽንት ጨርቅ ሦስት ቀን ተሰጥቶ፣ ከነእርጥበቱ ይመጣል።
ከጨርቁ ጎን ለጎን፣ በልብስ መቆንጠጫ፣
ትናንት የሸናበት ሃንድአውቴ ተሰቅሏል፤ የሴሚስተሩ መቋጫ።

አባቱ በደሌ ነው፣ መንገድ ሥራ። ቅዳሜ ይደውላል፣
«አይዞሽ» ሊለኝ ሲጀምር፣ ኔትወርኩ መሃል ላይ ይቆርጠዋል።
«አይ...ሽ» ብቻ ይደርሰኛል። የቀረውን ራሴ እሞላለሁ፤
«ክፍት ቦታውን ሙላ» የሚል ጥያቄ፣ ድሮም ደህና እሠራለሁ።

ማልቀሻዬ ቦታ አለው። ሰዓትም አለው።
ውሃ በፈረቃ ነው፤ ይመጣል ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣
ጀሪካኑ እስኪሞላ አለቅሳለሁ፣ ማንም ሳይሰማ፣ ማንም ሳያይ።
ሃያ ሊትር ነው ልኬ። ሲሞላ ቧንቧውን እዘጋለሁ፤
ዓይኔንም አብሬ።
ከዚያ ተሸክሜ እገባለሁ።

በክፍሉ ሁለት ወላጆች ነን፤ እኔና ዱጋሳ፣ የሊሙው፣
ሴት ልጁን ለእናቱ ትቶ፣ ፎቶዋን ከመታወቂያው ጀርባ የሸጎጠው።
አንማከርም። ምን እንማከራለን? ጠዋት በር ላይ እንተያያለን፤
«ተኛሽ?»
«ተኛህ?»
ሁለታችንም እንዋሻለን።

የፈተናው ዋዜማ ኦብሳ ነደደ። ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ዘጠኝ አለኝ፣
ባጃጅ የለ፣ አዌቱ ሞልቷል፣ አራት ዓመት የተማርኩት ካደኝ።
በስልኬ መብራት ሽሮፑን ለካሁ። ዘጠኝ ኪሎ ነው፤ አባዛሁ፤
እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ሰረዝኩ፤ አካፈልኩ፤ ደግሜ አባዛሁ።
ንጋት ላይ ላብ አጠመቀው። አዴ ዘይነባ ከእቅፌ ነጠቁኝ፣
«ሂጂ አንቺ ዶክተር!» አሉኝ።
«ነርስ» ብዬ ላርም ነበር፤ ጉሮሮዬ አልፈቀደልኝ።

ቁጥር አሥራ ሰባት፦ ክብደቱ ዘጠኝ ኪሎ የሆነ፣
ትኩሳት ያለበት ሕፃን... እጄ ቆመ፤ ልቤ ወደ ቆጪ ባከነ።
ወዲያው ጋውኔ ሥር ወተቴ፣ ሸሚዜን ይዞት ወረደ፤
ያ የተረገመ ጡት፣ ከእኔ ቀድሞ ፈረደ።
የጥያቄውን ወረቀት ደረቴ ላይ ለጥፌ፣ ጎንበስ ብዬ ጻፍኩለት፣
ሳላሰላ። ሌሊቱን ሙሉ ሳሰላው ነው ያደርኩት።

«ጠንካራ ነሽ» ይሉኛል የክፍሌ ልጆች። እኔ እንጃ።
ጣራዬ አንድ ቦታ ያፈሳል፤ የት እንደሆነ አውቃለሁ፣
ዝናብ ሲመጣ ከሥሩ፣ ሳህን አስቀምጣለሁ።
ይኸው ነው። ሌላ ጥበብ የለኝም።

ውጤቱ ገና አልተለጠፈም። ግቢያችን በር ላይ ስደርስ፣
ጩኸቱ ነው የተቀበለኝ፤ አይጠብቅ ትንፋሼ እስኪመለስ።
ጫማዬን ላውልቅ ብል፣ እምቢ። እጄን ልታጠብ ብል፣ እምቢ።
ደፉ ላይ፣ ከነጭቃዬ ተቀምጬ ሰጠሁት፤
«እሺ» አልኩ፣ «እሺ፣ ኦብሳ፣ ኦብሳ»፤
እሱን ይሁን ራሴን፣ አላውቅም የጠራሁት።